ተሸናፊ ፍለጋ፦ ከድሬዳዋ እስከ የካ

አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ ስል የድሬዳዋ ቀፊራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ አንበሶቹ ነው። አንዱንም አላየሁም። እኔ ያየሁት የካን ነው፤ የሾላን ጭቃ፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍና አንድ ዘመም ያለ የከረንቡላ ጠረጴዛ። አንበሳ ማየት የፈለገ የራሱን ቲኬት ይቁረጥ። የከረንቡላን ነገር ግን እኔ ልንገራችሁ፤ ለዚያ ነውና የሄድኩት።

እንደምታውቁት እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ከረንቡላ ቤቴ ከፋሲካ ወዲህ ታሽጎ ነበር። ፖሊሶቹ “የቁማር ቤት ነው” አሉ። አልዋሽም፣ ውርርድ ነበር። ከረንቡላ ያለ ውርርድ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው፤ ይበላል እንጂ ማን ይደግመዋል? ችግሩ ውርርዱ ጓዳ ለጓዳ መሆኑ ነበር። የተሸነፈው ይክዳል፣ ያሸነፈው አንገት ያንቃል፣ ጎረቤት ይጮኻል። ማዘጋጃ ቤታችን ሄጄ ብለምን ሹሙ ሳቁና “አዲስ አበባ ከፈቀደች እኔ ማነኝና እከለክላለሁ? ከዚያ የተፈረመ ወረቀት አሳየኝ” አሉኝ። በዚያው ሰሞን የሾላዋ የሆቴል ባለቤት እትዬ በላይነሽ የማዘጋጃ ቤት ሰው ባለበት፣ ውርርዱም በአደባባይ የሚሆንበት ግጥሚያ ሊያደርጉ መሆኑን ሰማሁ። ሽልማቱ ሰንጋ በሬ ነው። የሳቸው ሰፈር ጀግና ከውጭ የሚመጣ ተጋጣሚ ይፈልጋል።

እኔ ደግሞ ኑሬ አለኝ። ኑሬ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር በአንዴ የሚያስገባ ሰው። በእንጨቱ የሚመታት ኳስ ሁለቱን ሌሎች ኳሶች ሳትነካ አትቆምም፤ ጨዋታው ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ ይኸው ነው። ድሬ ላይ የሚገጥመው ሰው ካጣ ቆይቷል።

ሐሙስ

ኑሬ እንጨቱን፣ እኛ ስቴካ የምንለውን፣ በሚስቱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጣቢያ መጣ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ አስቆመው።

“ምንድን ነው የጠቀለልከው?”

“ስቴካ ነው።”

“የየት አገር ሥሪት ነው? ቁጥሩስ ተመዝግቧል?”

ፈትቶ አሳየው። ዘበኛው እንጨቱን ተቀብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ባቡሩ አነጣጠረና “ጥይቱስ?” አለ። ኑሬ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ሰጠው። ዘበኛው ራሱም ሳቀ፣ ተሳፋሪው ሳቀ፣ ባቡሩም ጮኸና ተነሳን።

አዋሽ ስንደርስ ሞተሩ ተበላሸ። ነገ ነው የምትሄዱት ተባልን። ድሬ ቢሆን ከሁለት ቤት አንዱ የዘመድ ነው፤ እዚያ ግን ከግመልና ከአቧራ በቀር የምናውቀው አልነበረም። አንድ የመስመር ጠጋኝ ሠራተኛ የኑሬን ጭነት ሲያይ “በሽተኛ ነው እንዴ የያዛችሁት?” ብሎ ጠየቀን። እንጨት ነው አልነው። ለእንጨት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ደግ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቤቱ ወሰደን። አልጋውን ለቆልን እሱ ደጅ ተኛ፤ ማለዳም የግመል ወተት አጠጣን። ዋጋውን ልክፈል ብል ተቆጣ። “እንግዳ የሚከፍልበት አገር የት ነው?” አለኝ። ከተማ ላይ ሞልቷል ልለው ነበር፣ ተውኩት።

አርብ

ለገሃር ስንወርድ ዝናብ ነው። እኛ ቤት ዝናብ ሲመጣ ሰው ደጅ ወጥቶ ፊቱን ያስመታል፤ እዚያ ሰው ሁሉ ከዝናቡ ጋር የተጣላ ይመስል አንገቱን ቀብሮ ይሮጣል። ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ በሰንደል ጫማ፣ ኑሬ በሽርጥና በስስ ሸሚዝ። የሚያዩን ሁሉ “እናንተ ሰዎች ጤና ናችሁ?” ይሉናል።

ሰይቼንቶ የሚሏትን አንዲት ትንሽ የጣልያን ታክሲ ያዝን። ቀበና ድልድይን አልፋ ዳገቱ ላይ ስትደርስ ጢስ ተፋችና ቆመች። ሾፌሩ ዞር ብሎ በትሕትና “ጌቶቼ፣ ትንሽ ገፋ ብታደርጉልኝ” አለን። ከፍለን የገፋናት የመጀመሪያዋ መኪና እሷ ናት። የድሬ ጋሪ ፈረስ ቢደክመው እንኳ ተሳፋሪ ግፋ አይልም፤ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ። ሾላ የደረስነው እስከ ጉልበታችን ጭቃ ለብሰን ነው።

እትዬ በላይነሽ በር ላይ ተቀበሉን። ሰፊ ሴት ናቸው፤ የሣጥን ቁልፍ አንገታቸው ላይ በማተባቸው ጎን ይንጠለጠላል። “እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ፤ ምነው እንዲህ ሆናችሁ!” ብለው ጫማችንን አስወለቁን፣ እግራችንን በሙቅ ውሃ አሳጠቡን፣ ለየራሳችን ጋቢ ሰጡን። አርብ በመሆኑ ሽሮና ጎመን ቀረበ። ኑሬ “ጾማችሁ ለኔም ይመቸኛል፤ ሥጋ ቢሆን መጨነቄ ነበር” አለና ጠግቦ በላ።

ከዚያ ጠረጴዛውን አየን። ጣልያን ጥሎት የሄደ ነው። ኑሬ አንዲት ኳስ መሐል ላይ አስቀምጦ እጁን ቢያነሳ ኳሷ በራሷ ጊዜ ቀስ ብላ ወደ አንድ ጎን ሄደች።

“እትዬ፣ ይሄ ጠረጴዛ ዘሟል” አልኳቸው።

“ወደ ላምበረት በኩል ትንሽ ያደላል” አሉ ሳያፍሩ። “ግን ለሁሉም እኩል ነው የሚያደላው።”

የባሰው ጨርቁ ነበር። ድሬ ላይ በሙቀቱ ጨርቁ እንደ ቆዳ ደርቆ ኳሷ ትበራለች። የሾላው እርጥበት ጠጥቶ፣ ኑሬ የሚመታት ሁሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተኛች። ፊቱ ተለወጠ። እትዬ በላይነሽ ሁለት ማንደጃ ከሰል አስመጥተው ጠረጴዛው ሥር አደረጉለት። “የኛ ሰው ይህን ጨርቅ ለምዶታል፤ እንግዳው ደግሞ በኔ ቤት አይበደልም” አሉ። ለዚህ ነገራቸው እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ።

ወደ ማታ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው አቶ ተፈራ ጃንጥላ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሻይ ቢቀርብላቸው የራሳቸውን ከፈሉ። እንዲህ አሉን፦ “ፈረስ ላይ መወራረድ የጨዋ ነገር ከሆነ ከረንቡላም ሊሆን ይችላል። ዳኛው አስቀድሞ ይታወቅ። የተያዘው ብር ሰው ፊት ይቀመጥ። የወጣው ውጤት አይነካ። ይህን ባይኔ ካየሁ ፈቃዱን እፈርማለሁ። ካላየሁ ግን ይሄም ቤት ይታሸጋል።” እትዬ በላይነሽ በፊታቸው አማተቡ። ያን ጊዜ ነው የሁለታችንም ቤት በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሆኑ የገባኝ።

ቅዳሜ

የሰፈሩ ጀግና ባሻ ጉርሙ በበቅሎ መጡ። የእንጦጦ ጥግ ሰው ናቸው፤ የባሕር ዛፍ ነጋዴ። በጣልያን ጊዜ ለመኮንኖች ክበብ ማገዶ ሲያመላልሱ ጨዋታውን ተምረውታል አሉ። ከኋላቸው ግማሽ መንደር በእግሩ ይከተላል። ኑሬ እጁን ዘርግቶ “እንዴት ነህ ባሻ!” ሲላቸው ቤቱ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት። እኛ አገር እርስዎ የሚባል ነገር እንደ ካፖርት ነው፤ ብርድ ስለሌለ ማንም አይለብሰውም። ነገሩን ሳስረዳቸው ባሻ ሳቁና “ይበለኛ፣ ወጣት ያደረገኝ እሱ ብቻ ነው” አሉ።

ውርርዱ ተያዘ። ብሩ በመስታወት ሣጥን ባንኮኒው ላይ ተቀመጠ፤ ቁልፉ እትዬ በላይነሽ ጋ። ከሲግናል ሰፈር የመጡ ጡረተኛ አሥር አለቃ ዳኛ ሆኑ። አቶ ተፈራ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሰንጋው ደጅ ታስሮ በመስኮት ያየናል።

ኑሬ መጀመሪያ ላይ ተንገዳገደ። ከዚያ ጠረጴዛውን አወቀው፤ ወደ ላምበረት ማዘንበሉን እንደ ጨርቅ ውል ቆጥሮት በዚያው ይሰፋ ጀመር። ነጥቡ ተመጣጠነ፣ ቀጥሎም በለጠ። ባሻ ላብ በላብ ሆኑ። ኑሬ ለመጨረስ ጥቂት ነጥብ ሲቀረው፣ እንጨቱን ጠመኔ እየቀባ ሳለ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። አባባ ቶላ ይባላሉ፤ የባሻ ጎረቤትና የአገሩ ሁሉ አስታራቂ ናቸው።

“ስለ የካው ሚካኤል!” አሉ። “ቁሙ ልጆቼ! ይህ ሰው ልጆቹ ፊት፣ አማቾቹ ፊት ይዋረዳል? ይህስ እንግዳ ይህን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ጠላት አፍርቶ ይመለሳል? እኩል ናችሁ። ተሳሳሙ። በሬው ይታረድና አብረን እንብላ።”

“እውነት ነው! ስለ ሚካኤል!” አለ ቤቱ ሁሉ። ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ሲለምን እምቢ የሚል ከየት ይመጣል? ኑሬ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ እንጨቱን አስቀመጠ። ተሳሳሙ። እልልታው ቀለጠ፤ የኔም ዓይን እንባ ሞላው። እንዲያ ያለ ፍቅር ድሬ ላይ እንኳ አላየሁም።

ሰንጋው ወዲያው ታረደ። ጥሬው ሲቆራረጥ አባባ ቶላ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኑሬ ይዘው መጡ። ኑሬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “አባባ፣ ያረደው ማነው?” አለ። ሁሉም ተያየ። ያረደው ክርስቲያን ነው፤ ኑሬ ደግሞ እስላም። ሽልማቱ ከነቀንዱ እሱ በማይበላው ቢላ ተባርኮ ነበር። አባባ ቶላ ጉርሻውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እትዬ በላይነሽ ራሳቸውን ይዘው “የኔ ነገር! የኔ ነገር!” እያሉ ሮጡ፤ ከገበያ አዲስ መጥበሻ አስገዝተው እንቁላል ጠበሱለት። ሊያሸንፈው ጥቂት የቀረው በሬ ፊቱ እየተበላ ኑሬ እንቁላሉን በላ።

አቶ ተፈራ ሲነሱ ብቻ ነው የነቃነው።

“ማን አሸነፈ?” አሉ።

“ሁለቱም!” አለ ሕዝቡ በደስታ።

“እሺ። ማን ተሸነፈ?”

ወዲያው ባንኮኒው ጋ ጭቅጭቅ ተነሳ። በኑሬ ያስያዙት “ሊያልቅ ነበር እኮ!” ይላሉ፤ በባሻ ያስያዙት “እኩል ነው ተብሏል” ይላሉ። ሣጥኑ ሊሰበር ትንሽ ቀረው። አቶ ተፈራ ጃንጥላቸውን አነሱ። “ይሄ ማኅበር ነው እንጂ ግጥሚያ አይደለም። ሽማግሌ በተነሳ ቁጥር ውጤቱ የሚለወጥ ከሆነ ማን ጤነኛ ሰው ብሩን ያስይዛል?” እትዬ በላይነሽ መንገድ ላይ ደርሰውባቸው ለመኑ። “ሰኞ ከሥራ በኋላ አልፋለሁ” አሉ። “የሚሸነፍ ሰው ካገኛችሁ እፈርማለሁ።”

እሑድ

በማለዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ባሻን ይድገሙልን ብለን ልንለምን ነው። የድሬ ተራራ ደረቅ ነው፤ ድንጋዩ ይቆጠራል። እንጦጦ ግን ጭጋግ ለብሶ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል። ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይሮጣሉ። እኔ በሰንደሌ እንኳን መሮጥ መቆምም አቃተኝ፤ ተንሸራትቼ ቂጤ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲቱ ሴት ያን ሁሉ ሸክም ይዛ ቆመች፣ ከእስሯ አንድ እንጨት መዝዛ ሰጠችኝና “ተመርኩዝ ወንድሜ፤ አገርህ ዳገት የለም እንዴ?” ብላኝ ሄደች። ላመሰግናት ስዞር ታጥፋ ጠፍታለች።

ባሻ ጉርሙ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም አሉን ባለቤታቸው። ኑሬ በኦሮምኛ “አከም ጅርታ?” ብሎ ደህንነታቸውን ሲጠይቃቸው ሴትየዋ በሐረርጌ ቅላጼው ሳቁ፤ እየሳቁም ጭኮ አቀረቡ፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። ኑሬ ያለ ጥያቄ በላ።

የመጣንበትን ነገርኳቸው። ባሻ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጡ።

“ትናንት እናንተ አላዋረዳችሁኝም” አሉ። “ያዋረዱኝ የኔዎቹ ናቸው። ጨዋታው ሳያልቅ ይሸነፋል ብለው ቆርጠው ተነሱብኝ። ገና እጅ ነበረኝ እኮ! መሸነፍ ውርደት አይደለም። መታዘን ነው ውርደቱ።”

አባባ ቶላ መምጣታችንን ሰምተው ገቡ። ሲገቡም የባሻን ቃል ሰሙ። ፊታቸው ደም መሰለ። “ጉርሙ፣ እኔ ሰው ሲወድቅ ቆሜ ማየት አልችልም፤ አልፈጠረብኝም” አሉ።

“አውቃለሁ። ግን አባቴ ችሎት ቆሞ ‘በቅሎ እሰጥ!’ ብሎ ሲወራረድ አይተሃል። የተሸነፈ ዕለትስ?”

“በቅሎውን ሰጠ።”

“ያን ቀን ማን አማለደው?”

“ማንም። ዳኛ ከተቀመጠ በኋላ ምን ምልጃ አለ? ሽምግልናማ ከዳኛ በፊት ነው።” አባባ ቶላ ይህን ካሉ በኋላ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት። ጭኮውን አንስተው ጎረሱና “እንግዲያው ነገ አስቀድሜ ነው የማስታርቃችሁ” አሉ።

“አልተጣላንም እኮ አባባ” አለ ኑሬ።

“ትጣላላችሁ” አሉት።

ባሻ ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ይህ ነው ጉዳዩን ሁሉ የፈታው። እንደ ድሮው ችሎት ዋስ ይጠራ አሉ። ዋስ ‘ይህ ሰው ቢሸነፍ ውጤቱን ይቀበላል’ ብሎ ቃል የገባ ነውና ለማማለድ አፍ የለውም። ስለዚህ አባባ ቶላ የኑሬ ዋስ፣ እኔ የባሻ ዋስ እንድንሆን ተስማማን። ተሻግሮ ዋስ መሆን ማለት ነው፤ የየራሳችንን ሰው ልንከላከል አንችልም። ዳገቱን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም፣ ግማሹም በመንሸራተት ነው። አንድ ሳንቲም ሳናወጣ፣ ጠረጴዛውንም ሳናቃና፣ ከረንቡላ የጎደለው ነገር ተገኝቶ ነበር።

ሰኞ

እትዬ በላይነሽ ሌላ ሰንጋ አስረው ጠበቁን። “ይሄኛውን ጨዋታው ሳያልቅ ቢላ ያሳየው ሰው እጁን እቆርጣለሁ” አሉ። አባባ ቶላ ሁለቱን መሐል ላይ አቁመው አስታረቁ፤ ትከሻ ለትከሻ አሳሳሙ፤ መረቁ። ዋስ ተጠራን፤ “ዋስ ነኝ” አልን። ከዚያ አሥር አለቃው “ከእንግዲህ የሚናገረው ኳሱ ብቻ ነው” አሉ። አቶ ተፈራ ዛሬም የሻያቸውን ሒሳብ ራሳቸው ከፍለው ጥግ ያዙ።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ባሻ ሌላ ሰው ሆነዋል። ሲመቱ ኳሷ ሄዳ ሄዳ፣ አለቀላት ሲባል፣ ወደ ላምበረት በምትንሸራተተው ጥቂት መንገድ ትነካለች። ኑሬም አልተኛም፤ ተቀያየሩ፣ ተቀዳደሙ። በመጨረሻ ሁለቱም አንዳንድ ነጥብ ቀራቸውና ተራው የኑሬ ሆነ። መታ። ኳሷ አንደኛዋን ነካች፣ ወደ ሁለተኛዋ ሄደች፤ ሄደች፤ ፀጉር ታህል ሲቀራት ቆመች።

ያኔ አባባ ቶላን አየኋቸው። ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ነበር፤ የኑሬ ፊት አንጀታቸውን በልቷል። እጃቸው ባርኔጣቸው ላይ ደረሰ። ዋስ መሆናቸው ትዝ አላቸው መሰል፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ተመልሰው ቁጭ አሉ። በሕይወታቸው ከዚያ የከበደ ሥራ የሠሩ አይመስለኝም። እኔም ለኑሬ አንድ ቃል መተንፈስ አልቻልኩም፤ የባሻ ዋስ ነኝና።

ባሻ ጎንበስ አሉ፣ ቀስ ብለው መቱ። ኳሳቸው ሁለቱንም ነካች።

ሁሉም ኑሬን ነው የሚያየው። ኑሬ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛና ጥርት ባለ ድምፅ “ተሸነፍኩ” አለ። ባሻ መጥተው አቀፉት፤ የትናንት በስቲያው መተቃቀፍ ከዚህኛው ጋር አይወዳደርም። በኑሬ ያስያዙት አጉረመረሙ፤ ግን ባንኮኒው ጋ አንድም ሰው አልተከራከረም። ብሩ ለባለመብቶቹ ተሰጠ። ሰንጋው በራሱ እግር፣ በሕይወቱ፣ ከባሻ በቅሎ ኋላ ወደ እንጦጦ ወጣ። እትዬ በላይነሽ ወንበር ላይ ቆመው ለመስቀል ሽልማቱ ሞተር ቢስክሌት መሆኑን አወጁ። አንድ የመገናኛ ጋራዥ ባለቤትም እዚያው “ግማሹን እኔ አለሁበት” አለ፤ ቅዳሜ ዕለት ቢጠይቁት እንኳን ሞተር ጎማውንም አይሰጥም ነበር።

አቶ ተፈራ ባንኮኒው ላይ ፈርመው ሁለት ቅጂ አወጡ፤ አንዱን ለእትዬ በላይነሽ፣ አንዱን ለኔ። መሳቅ ጀመርኩ፣ ማቆም አቃተኝ።

“ምን ያስቅሃል?” አለ ኑሬ ተኮሳትሮ። “የተሸነፍነው እኛ ነን እኮ።”

“ከኛ በቀር የሚሸነፍ ሰው አጥተው ነበር” አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እሱም ሳቀ።

ማክሰኞ

ከባቡሩ በፊት ፖስታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ቴሌግራም ጻፍኩ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ጸሐፊ ቃሉን አንብቦ ቀና አለ፣ የጭቃ ሰንደሌን አየ፣ እንደገና አነበበ፦ “ተሸንፈናል። ቤቱን ጠርገሽ ክፈቺው።”

“ጋሼ፣ ይቅርታ፣” አለኝ፣ “አሸንፈናል ለማለት ፈልገው ነው?”

“የለም የኔ ልጅ፣” አልኩት፣ “እንዳለ ላከው።”